የባሌ እህት ወለል

የባሌ ታላቅ እህት ሳሎን ወለሉ ዋንዛ ነበር። አባታቸው ነፋስ ስልክ ላይ ቤት ሲሠሩ ያስነጠፉት ነው። እያንዳንዱ ጣውላ ሦስት ስንዝር ይሰፋል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል፤ መሀሉ ላይ መቀጠያ የለውም። ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባበት ግን ወደ ማር ያደላል። እንዲህ አብራርቼ የማወራው በዓይኔ ስላየሁት ብቻ አይደለም። ያን ወለል በጉልበቴ ነው የማውቀው።

አግብቼ ወደዚያ ግቢ ስገባ ለእኔና ለባሌ የተሰጠን ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት ነበር። ትልቁ ቤት ውስጥ እሷ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ቤቱ ከአባታቸው የወረሱት ስለሆነ ግማሹ የባሌ ነው፤ ባሌ ግን እህቱ ፊት ድምፁ የማይወጣ ሰው ነበር። "እትዬ ናት ያሳደገችኝ" ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኑን ሰም መቀባት የእኔ ሥራ ሆነ። ሠራተኛ ነበራት፤ ነገር ግን "የእሷ እጅ ሻካራ ነው፣ ወለሉን ይጎዳዋል" ተባለ። ስለዚህ እኔ ተንበርክኬ፣ አሮጌ ሹራብ ሰም እያስነካሁ፣ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሬ ወደ በሩ እያፈገፈግሁ እቀባለሁ። ሲደርቅ እንደገና ተንበርክኬ በሱፍ ጨርቅ እወለውላለሁ። እሷ ሶፋዋ ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣ፣ "እዚያ ጋ ደብዝዟል" ትለኛለች።

ፊት ለፊት "አንቱ" ነበር የምላት። እዚህ አንቱታውን ያነሳሁባት ተሳስቼ አይደለም።

ባሌ በጉበት በሽታ ሞተ። አርባው ሊወጣ ሲል፣ በዋዜማው፣ ከል እንደ ለበስኩ ያንን ወለል ሰም ቀባሁ። ማንም አላዘዘኝም። ለነፍሱ የሚመጡ እንግዶች ናቸው ብዬ ነው፤ ሥራውም ከማልቀስ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ ድንኳኑ ሲወጡ፣ ዘመድ የሆኑት ሴቶች ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። እኔ ከንጋት ጀምሮ ጓዳ ስሠራ ውዬ እግሬ ዝሏል። ገባሁና በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ልቀመጥ ስል፣ ከሶፋዋ ሳትነሳ፣

"አንቺ እዚያው ጓዳ ሁኚ። በጭቃ እግርሽ ወለሉን አታበላሺው" አለችኝ።

ሴቶቹ በሙሉ ሰሙ። አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። እኔ ወደ እግሬ ተመለከትኩ። ጭቃ አልነበረበትም።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። "ወንድሜ ሞቷል። ልጅ አልወለድሽለት። ከዚህ ግቢ ጋር የሚያስተሳስርሽ ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ። ሽማግሌ ላክሁባት። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው፣ በልተው ጠጥተው፣ ወለሉን አድንቀው ወጡ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ፍራሽና አንድ ሣጥን ነው። መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ስለነበር አገሩ ሁሉ በራሱ ጭንቀት ተይዟል፤ የአንዲት መበለት ከቤት መባረር ለማን ወሬ ይሆናል?

መካኒሳ አቦ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እዚያው ሰፈር እንጨት የሚሰነጥቅና ጣውላ የሚሸጥ ቤት ነበርና ሰጋቱራ ለመጥረግ ተቀጠርኩ። ከጠረጋ ወደ ማስረከብ፣ ከማስረከብ ወደ ሽያጭ ተዛወርኩ። እንጨት ወደድኩ። እንጨት እንደ ሰው አያታልልም፤ ርጥቡ ርጥብ ነኝ ይልሻል፤ በክብደቱ፣ በጠረኑ፣ ስታንኳኪው በሚሰጠው ድምፅ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥድን ከዝግባ የምለይበት ጊዜ መጣ። ሰዎች "ይቺ ሴትዮ ታውቃለች" ማለት ጀመሩ። እኔ ግን የሚገባውን ጣውላ ሁሉ በልቤ ከአንድ ወለል ጋር አስተያየዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በማኅበር ተደራጅተን ላፍቶ ላይ ቦታ ደረሰኝ። ያኔ ላፍቶ ገና ገጠር ነው፤ ከአጥሬ ወዲያ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የጎረቤቴ ላሞች። ግድግዳውን በጭቃ አቁሜ፣ ቆርቆሮውን አልብሼ፣ ወለሉ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲሚንቶ ሊሾ ነው ያደረጉት። እኔ ሰፊ ጣውላ ካልሆነ አልኩ። ሥራውን የያዙልኝ አናጢ የዚያው የላፍቶ ተወላጅ ናቸው፤ ዛሬ እኛ ቤት የሠራንበት መሬት የአባታቸው እርሻ ነበር። ወሬ ይወዳሉ፤ ሥራ ላይ ትንሽ ይዘገያሉ፤ እጃቸው ግን የታመነ ነው።

"ልጄ፣ ሊሾ አድርጊውና ተገላገይ" አሉኝ።

"ጣውላ ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። ሰፊ።"

"ምን ያህል ሰፊ?"

ሦስት ስንዝር ለክቼ አሳየኋቸው።

"ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የምትሠሪው?" ብለው ሳቁ።

አልሳቅሁም። የእንጨት ምርጫው እንግዲህ እዚህ ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ አሉ፤ እንቢ አልኩ። ባሕር ዛፍ ሲነጠፍ ቀጥ ብሎ፣ እያደር ይጎብጣል፤ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል፣ ጠርዝና ጠርዙ ተነስቶ ጣውላው ገበቴ ይመስላል። ዝግባ አሉ። መልኩ ደስ ይላል፤ ግን ለስላሳ ነው፣ የጫማ ተረከዝ ይወጋዋል፣ ወንበር ሲጎተትበት ይቆስላል። ወይራ ብል፣ "ወይራማ ብረት ነው" አሉኝ፣ "ግን ወይራ ቀጥ ብሎ ሲያድግ የት አየሽ? ከወይራ ሦስት ስንዝር ጣውላ የሚያወጣ ሰው ካገኘሽ ንገሪኝ።"

ልቤ ጥቁር እንጨት ላይ አረፈ። ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ነው፤ ከባድ ነው፤ ሲላግ ያበራል። የእሷን ዋንዛ የሚያስንቅ እሱ ነው አልኩ። አንድ ሰፊ ጣውላ ወስጄ የአጥሬ ጥግ ላይ አጋደምኩና በበጋው ፀሐይ ጠባዩን ልይ ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤቴ ጅራፍ ያጮኸ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳይ ጣውላው ከጫፉ እስከ መሀሉ ለሁለት ተሰንጥቋል። ያን ቀን ሰው የሞተብኝ ያህል አዘንኩ። ቀረሮም አየሁ፤ ከጂማ በኩል የሚመጣ፣ ሰፊም ቀጥም ነው፤ ግን ነጣ ይላል። ከዚያ የማር ቀለም ጎን በሐሳቤ ሳስቀምጠው በሽተኛ መሰለኝ።

አናጢው ታከቱ። መላጊያቸውን አስቀምጠው ጉማጅ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ወለል ለማን ነው? የሚኖርበት ሰው እንዲህ አይመርጥም።"

ነገርኳቸው። ሰሙን፣ አርባውን፣ የጭቃ እግር መባሌን፣ ሁሉን። ሳያቋርጡኝ ሰሙ፤ ለእሳቸው ያ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ፣

"እንግዲያውስ ዋንዛ ነው" አሉ።

"ሦስት ስንዝር ዋንዛ ከየት ይመጣል?"

"አይመጣም። እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ወንዙ ዳር ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዋንዛ ነበር። አለቀ። ያለውንም መቁረጥ ከልክለዋል። አሁን ሰፊ ዋንዛ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ከሰው እግር ሥር።"

የማን እግር ሥር እንደሆነ ልነግራቸው አላስፈለገኝም። ተያየን። በማግስቱ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ነፋስ ስልክ ሄዱ።

ሲመለሱ ወሬ ይዘው መጡ። ልጇ አድጎ የቢሮ ሠራተኛ ሆኗል፤ ሳሎኑን ሴራሚክ ሊያስነጥፈው ይፈልጋል። "ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ሲሄዱበት ይጮኻል" ይላል አሉ። እሷ ደግሞ "የአባቴ ወለል በሕይወት እያለሁ አይነሳም" ብላለች። አናጢው ማን እንደ ላካቸው ሳይናገሩ፣ "ሐሳባችሁን ስትቀይሩ እኔ አለሁ" ብለው ወጡ።

ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ። አፈር ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ እየተኛሁ ጠበቅሁ። ሐና ማርያም ሄጄ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ በቀል የእግዚአብሔር ነው፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አሉኝ። "እሺ፣ አባቴ" ብዬ መስቀል ተሳለምኩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አናጢው ቤት ሄጄ፣ "እስቲ አንድ ጊዜ ደግመው ይሞክሩ" አልኳቸው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ልጇ አሸነፈ። ጣውላውን ለአናጢው ሊሸጡ ተስማሙ።

ጣውላው በሚነሳበት ቀን እኔም ሄድኩ። አናጢው "ምን ልትሠሪ? ነገር ልታበላሺ ነው" ብለው ለምነውኝ ነበር። አልሰማሁም። ታጥቤ፣ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ለእንቁጣጣሽ የገዛሁትን ተረከዝ ያለው ጫማ አጥልቄ፣ በታክሲ ሄድኩ። ግቢው ጠቦኝ አየሁት። ሰርቪስ ቤታችን ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ሳሎኑ በር ክፍት ነው፤ አናጢውና ረዳታቸው የመጀመሪያዎቹን ጣውላዎች በዲጂኖ ፈንቅለው ጨርሰዋል። የድሮ ምስማር ሲነቀል የሚያሰማው ጩኸት አለ፤ ጥርስ የሚያፋጭ። ያን ጩኸት እንደ ዘፈን ሰማሁት።

እሷ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። አርጅታለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ቶሎ አወቀችኝ።

"አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ጣውላዬን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

ወደ አናጢው ዞረች፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ወደ ልጇ ዞረች፤ እሱ እኔን በደንብ አላስታወሰኝም፣ ግራ ተጋብቶ ያየናል። እየገባት ሲሄድ ፊቷ ላይ አየሁት። እዚህ ለመድረስ የደከምኩት ለዚያች ቅጽበት ነበር።

"ለአንቺ መሆኑን ባውቅ ለማገዶ አደርገው ነበር" አለች።

"ያን ጊዜም አመዱን እገዛዎት ነበር።"

ወደ እኔ ልትመጣ አንድ እግሯን አነሳች። ከፊቷ ያሉት ጣውላዎች ተነስተዋል፤ የቀሩት ተሸካሚ እንጨቶችና በእነሱ መሀል ያለው የስንት ዓመት አቧራ ብቻ ናቸው።

"ይጠንቀቁ፣ እትዬ" አልኳት። "ወለል የለም።"

እግሯን መለሰች። እኔ በረንዳው ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጪ አላለኝም፤ ማንም ተነሺም አላለኝም። የመጨረሻው ጣውላ ወጥቶ መኪናው ላይ እስኪጫን ድረስ አልተነሳሁም።

ላፍቶ ሲደርስ አናጢው እያገላበጡ አዩት። ከታች በኩል ነቀዝ አልነካውም፤ አንድም ጣውላ አልተጣመመም። "ይሄ እንጨት ደርቆ ደርቆ መንቀሳቀስ ረስቷል" አሉ። ላጉት፣ ገጠሙት፣ መቱት። ሰም ግን የቀባሁት እኔ ነኝ። እንደ በፊቱ ተንበርክኬ። በዚያ መሀል አንዴ ቀና ብዬ ወደ ሶፋው ቦታ አየሁ፤ ማንም አልነበረም፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ያንን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለስኩበት። ደስ አለኝ። ሰዎች "በቀል ባዶ ነው፣ ሲደርሱበት አይጥምም" ይላሉ። ምናልባት ያልደረሱበት ሰዎች ናቸው። እኔን ጥሞኛል።

በዓመቱ ግድም ልጇ እኔ ወደምሸጥበት የመካኒሳው ጣውላ ቤት መጣ። ኮፍያውን አውልቆ "እትዬ" ሲለኝ፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዞር አልኩ። እናቱ ሴራሚኩ ላይ ውሃ ፈሶ አንሸራትቷት ዳሌዋን ተሰብራለች። ከአልጋ ወርዳ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች፤ ግን መኝታ ቤቱም ሴራሚክ ስለሆነ ትፈራለች፤ ብርዱም አጥንቷ ውስጥ ይገባል። መኝታ ቤቷን ብቻ ጣውላ ሊያለብስላት ይፈልጋል።

"ከእንጨት ምን ይሻላል? እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ።"

ከጀርባዬ ትናንት የገባ ባሕር ዛፍ ተቆልሏል፤ ውሃው ገና ከጫፉ ይንጠባጠባል። ጣቴን ወደዚያ መቀሰር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እስከ ጥምቀት ጎብጦ፣ በየጠርዙ እግር የሚጠልፍ ወለል ይሆንላት ነበር። አሰብኩት። ልጁ መልስ ይጠብቃል፤ እኔ ያንን ቁልል አያለሁ።

"እሷ ራሷ ትጠይቀኝ" አልኩት።

"እዚህ ድረስ መምጣት አትችልም እኮ።"

"እኔ እችላለሁ።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጇ ወንበር አቀረበልኝ፣ ተቀመጥኩ። ስለ ጤናዋ ጠየቅኋት፣ "ተመስገን" አለች። ከዚህ በኋላ ጠያቂዋ እሷ ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች። ብርድ ልብሷን አስተካከለች። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ እያየች፣

"ለዚህ ክፍል ምን እንጨት ይሻላል ትያለሽ?" አለች።

"አልሰማሁም፣ እትዬ።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ምን ይሻላል? እባክሽ።"

እባክሽ ስትል ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሱቅ ውስጥ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የመጣ፣ በደንብ የደረቀ፣ ለሌላ ሰው የማላሳየው ትንሽ ጣውላ ነበረኝ። ሰፊ ነው፣ ቀላ ይላል፣ እግርም አያንሸራትትም። ከዚያ የተሻለ ለእሷ ክፍል አልነበረም። እውነቴን ነው።

"ኮሶ" አልኳት።

"ምን አልሽኝ?"

"ኮሶ ነው የሚሻልዎት።"

ልጇ የሳቀ መሰለኝ፣ ፊቱን አዞረ። በእኛ ዘመን ያደገ ሰው ኮሶ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት እንጨቱ አይደለም፤ በልጅነቱ አፍንጫውን ይዘው የጋቱት ምሬት ነው። እሷም ያ እንደመጣባት ከንፈሯ ነገረኝ።

"ሌላ የለም?" አለች።

"አለ። ግን ይጎብጣል፤ ይጥልዎታል። ኮሶ ግን አይከዳም።"

"ይሁን" አለች።

አናጢው ሄደው አነጠፉላት፤ አንዷን ጠርዝ እንኳ ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ ሠሩት፤ አደራ ብያቸው ነበር። ሲጨርሱ ላየው ሄድኩ። ከአልጋዋ ወርዳ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ባዶ እግሯን ኮሶው ላይ ቆማለች። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች። ልጇ እንደነገረኝ እንግዳ ሲመጣና "ምን እንጨት ነው?" ሲላት እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች፤ ከጨቀጨቋት ደግሞ "እሷን ጠይቋት" ትላለች፤ ስሜን አትጠራም። አልታረቅንም። ታርቀናል ብዬ ብጽፍ ንስሐ አባቴን ደስ ይላቸው ነበር።

ያን ቀን ግን ልወጣ ስነሳ አስቆመችኝ።

"ይሄ እንጨት ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?" አለች።

"ዕድሜ ልክ ነው።"

"የማን ዕድሜ?"

"የእንጨቱ ነዋ፣ እትዬ" አልኳትና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ የላፍቶ ታክሲ ሊሞላ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ሲጠራ ደረስኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። በጣም ርቦኝ ነበር።